ጨው የደረሰበት፣ ብርቱካን የቀረበት መንገድ

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ማልዶ መናኸሪያ መገኘት አለበት። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሰምቶ «ለምሳ እደርሳለሁ» የሚል እንግዳ ካለ የወሎን ዳገት ገና አላወቀውም። አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ሥራ የፈታ መንገደኛ ግን አንድ የሚጠቅም ነገር ማድረግ ይችላል፤ ቆሞ ጣራ ላይ የሚወጣውን ጭነት መመልከት። መጀመሪያ ስኳር በጆንያ ይወጣል። ቀጥሎ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ የብስኩት ካርቶን፣ ፓስታና መኮሮኒ፣ የለስላሳ መጠጥ ሳጥን፣ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ጫማ። በመጨረሻ፣ ሁሉም በገመድ ከታሰረ በኋላ፣ አንዲት ሴት አንድ ሳጥን ቲማቲም አስይዛ ትመጣለች። «የኔ ወንድም፣ እባክህ ከላይ አርግልኝ፤ ከታች ከሆነ ድልህ ሆኖ ነው የሚደርሰው» ትለዋለች ረዳቱን። ረዳቱ እየሳቀ ገመዱን እንደገና ይፈታል። በዚያ ሁሉ ኩርባ ከሳጥኑ ውስጥ ስንቱ እንደሚተርፍ ግን እሱም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ልጆች አመጋገብ ብዙ ተጽፏል። እናት ለልጇ ምን ታብላ፣ በቀን ስንት ጊዜ ታብላ፣ ምኑን ከምን ትቀላቅል የሚለውን ከጤና ጣቢያ ግድግዳ ጀምሮ እስከ ሬዲዮ ድረስ እንሰማለን። ያ ምግብ ከእናቲቱ ደጃፍ በምን ተጭኖ እንደሚደርስ ግን እምብዛም አይነገርም። የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ይህን ለማየት የተመቸ አገር ነው፤ በልጁ ሳህንና በመንገዱ መካከል ያለው ዝምድና እዚህ ፊት ለፊት ይታያል። እኔ መንገዱን የማውቀው በክልሉ የተነሳው ግጭት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከመባባሱ በፊት ስለሆነ የምተርከው የዚያን ጊዜውን ጉዞ ነው።

ከደሴ ወጥተን ጉጉፍቱን ስንያያዘው የመኪናው መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ማሳው ገብስ ነው፤ ባቄላ ነው፤ እልፍ ሲሉ ተልባ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሣርና በግ ብቻ። እረኛው ባናውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ደጋ የብዙ ገበሬ ተስፋ ያለው በበልግ ላይ ነው። በጥርና በየካቲት ዘርቶ ክረምቱ ሲገባ ያጭዳል። የበልጉ ዝናብ የቀረ ዓመት ግን ሸጦ ይኖር የነበረው ቤተሰብ ገዢ ይሆናል፤ ገበያ የራቀው ገዢ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ገዢ ነው።

አቀስታ ላይ መኪናው ለቁርስ ሲቆም ልጆች ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ይከቡናል። አንዱን ትንሽ ልጅ «ስንት ዓመትህ ነው?» አልኩት። በግምቴ ስድስት ቢሆን ነው። «ዘጠኝ» አለኝ ኮራ ብሎ። አጠገቡ የነበረችው እኅቱም «አዎ ዘጠኝ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነው» ብላ መሰከረች። ልጁ አልታመመም፣ ዐይኑ ንቁ ነው፣ ሒሳቡንም ከእኔ ፈጥኖ ይሠራል። አጥሯል እንጂ።

ባለሙያዎች ይህን «መቀንጨር» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች መካከል ከመቶው 46 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶው 38 ሲሆን በወቅቱ ከአማራ የባሰ ክልል አልነበረም። የሚያስገርመው፣ ይኸው ክልል ጤፍና ስንዴ ለሌላው የሚተርፍባቸው ወረዳዎች ያሉት መሆኑ ነው። በዚያው ጥናት ከመጠን በላይ የወፈሩ ሕፃናት በአገሪቱ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ «የልጆች ውፍረት» የሚባለው የዓለም ወሬ እዚህ ደጋ ላይ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቀልድ አለመሆኑን መካነ ሰላም ስንደርስ እናያለን። ለጊዜው ግን ይህን እንያዝ፤ የቀነጨረ ልጅ ሁሉ የተራበ ልጅ አይደለም። ሆዱ በገብስ ቂጣና በሽሮ ይሞላ ይሆናል። የጎደለው ዓይነቱ ነው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት መካከል የተመጣጠነ ስብጥር ያለው ምግብ ያገኙት በመላ አገሪቱ ከመቶው 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

መንገድ ምን ሊያመላልስ ተሠራ?

በዚህ አገር ታሪክ ዝነኛው መንገድ የተሠራው መድፍ ለማመላለስ ነው። ከእኛ መንገድ በስተሰሜን የመቅደላ አምባ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ ገደሉን እየቆረጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጭምር እያነሱ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሱ። ስድስት ወር ገደማ የፈጀ ሥራ ነበር። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር ያንን የንጉሡን መንገድ አይቶ አደነቀ፤ ተጠቀመበትም። ከዚያ በኋላ የመጣው ጣሊያን ደግሞ የአዲስ አበባ፣ የደሴና የአስመራን አውራ ጎዳና ሠራ፤ እሱም ያሰበው ለጦሩ ነው። ከደሴ በስተምዕራብ ያለው ደጋ ግን ለረጅም ዘመን የበቅሎና የእግረኛ አገር ሆኖ ቀረ።

ታዲያ መንገድ ያለው ሁሉ ይበላል ማለት ነው? የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የዚያን ጊዜ የደሴን የእህል ዋጋ መርምሮ ሰውን ያስደነገጠ ነገር ጻፈ። ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ሳለ የደሴ ገበያ ዋጋ የረሃቡን ያህል አልናረም ነበር። ገበሬው የሚሸጠውም የሚገዛበትም ስላልነበረው እህል ወደ እሱ የሚጭን ነጋዴ አልመጣም። እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ተጭኗል። ረሃብተኛው በዚያው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። ሴን የደረሰበት መደምደሚያ ሁሉንም ተመራማሪ አላስማማም፤ ሆኖም ያየው ነገር እውነት ነው። መንገድ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ የሚጓዘውም ገንዘብ ወዳለበት ነው።

መካነ ሰላም ገበያ

ከአቀስታ በኋላ ደጋው እየለዘበ ይሄድና ከመካነ ሰላም ያደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀድሞ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ስትሆን የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም አንዱ ካምፓስ እዚያ ነው። (የደቡቡን ቦረና ያሰበ እንግዳ አለ፤ ይህ የወሎው ቦረና ነው።) ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ገበያ ይገበያያል፣ አንድ ዕድር ይቀብራል። ከከተማዋ በአንድ ወገን ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያሉበት የደንቆሮ ጫካ ይገኛል፤ ስሙን ሰምቶ የማይስቅ እንግዳ የለም፣ ጫካውን አይቶ የማይደነቅም የለም። በስተምዕራብ መሬቱ ድንገት ተሰንጥቆ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው።

ገበያው ያምራል። የገብስና የስንዴ ክምር፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጤፍ፣ ከቆላ የወጣ ማሽላ፣ ቅቤ በቅል፣ ማር፣ ዶሮ፣ በግ። እንቁላል በገለባ ተሸፍኖ በቅርጫት ተደርድሯል። ጎመንና ድንች አለ። ፍራፍሬ የያዘ ግን አንድ ጥግ ላይ ያለ አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው፤ ጥቂት ሙዝ፣ ጥቂት ብርቱካን። ሙዙ በአብዛኛው የአርባ ምንጭ ነው። እስቲ መንገዱን እናስላው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር፣ ከደሴ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ሦስት ጊዜ ተጭኖና ተራግፎ፣ ብርዱ አጥቁሮት የደረሰ ሙዝ ነው። ዋጋውን የሚጠይቁት የመንግሥት ሠራተኞችና ታማሚ የሚጠይቁ ሰዎች ናቸው። «ለታመመ ነው የሚገዙት» አለኝ ጎረምሳው። ብርቱካን የታማሚ ስንቅ የሆነበት አገር መሆኑን ከዚህ በላይ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከጎረምሳው ጥቂት ራመድ ብሎ ጨው የሚሸጥበት መደዳ አለ። ጨው በሁሉም ቤት አለ። ከአውቶቡሱ መንገድ በእግር አራትና አምስት ሰዓት በሚርቅ ጎጆ ውስጥ እንኳ ጨው ይገኛል። ድሮ ከአፋር በግመልና በበቅሎ አሞሌ ሆኖ ይመጣ ነበር፤ እንደ ገንዘብም ይመነዘር ነበር። ዛሬ በብዛት ከአፍዴራ ሐይቅ በመኪና ይመጣል። አይበሰብስም፣ አይፈርጥም፣ በአህያ ላይ ሳምንት ቢቆይ ጨውነቱ አይጠፋም። በዚህ ደጋ ዝናቡ ከአፈሩ ውስጥ አዮዲኑን እያጠበ ስለሚወስድ እንቅርት የተለመደ በሽታ ነበር፤ አንገታቸው ያበጠ እናቶችን በየገበያው ማየት ለትልልቆቻችን ብርቅ አልነበረም። የአዮዲን እጥረት እንቅርት ብቻ አይደለም፤ በማኅፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ይጎዳል። እንግዲህ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15 ያህሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በ89 ያህሉ ተገኘ። በአምስት ዓመት! ማንም ለዚህ ሲባል አዲስ መንገድ አልሠራም። መድኃኒቱ ቀድሞውኑ በሁሉም ደጃፍ በሚደርስ ዕቃ ላይ ተሳፈረ።

እንግዲህ የደጋው ልጅ ችግር እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። መንገድ ቀድሞ የሚያደርሰው የማይበሰብሰውን ነው። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ። ለልጅ አጥንትና ደም የሚበጀው ወተት፣ ቲማቲም፣ ፍራፍሬ፣ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ የሚበሰብስ ነው። የመጨረሻዋ የሁለትና የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ጨውን አታቆመውም፤ ብርቱካንን ግን ታስቀረዋለች።

ምክሩና መንገዱ

በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራ፣ እኔ ለእናቶች ማኅበርም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ደጋግሜ የማወራው አንድ ጥናት አለ። ቦታው ቦረና አይደለም፤ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ያለ፣ እንደ ቦረና ገደላማ የሆነ አለፋ የሚባል ወረዳ ነው። ተመራማሪዎቹ ወረዳውን የመረጡት አንዱ መንደር ለገበያ ቅርብ ሆኖ ሌላው ደግሞ በአህያ ብቻ የሚደረስበት ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ውጤት ሁለት ነገር ይናገራል። የመጀመሪያው የሚጠበቅ ነው፤ ከገበያ የራቁት ቤተሰቦች የሚበሉት ያነሰና ዓይነቱም የጠበበ ነው፣ ልጆቻቸውንም ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩት ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛው ግን ልብን ይነካል። እናት ስለ ልጅ አመጋገብ ያላት ዕውቀት የልጇን ሳህን የሚለውጠው ገበያ ቅርብ በሆነበት ቦታ ነው። ገበያ በራቀበት ያው ዕውቀት በሳህኑ ላይ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

እስቲ ይህን በአንዲት እናት ኑሮ እንየው። መካነ ሰላም ገበያ አጠገብ የተዋወቅኋት ሴት ከከተማው ሦስት ሰዓት በእግር ትኖራለች፤ ጀርባዋ ላይ የዓመት ልጅ አዝላ ነበር። ምን እንደምታበላው ስጠይቃት ትምህርቱን በቃሏ ወጣችው፤ ገንፎው ወፍራም እንዲሆን፣ እንቁላል እንዲገባበት፣ ካሮትና ጎመን እንዲፈጭለት። «ታዲያ ታደርጊዋለሽ?» አልኳት። «ጎመን ሲኖር አደርጋለሁ። ካሮቱን በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ስወጣ አየዋለሁ፤ ሦስት ቀን ካደረ ይጠወልጋል። እንቁላሉ…» አለችና ቅርጫቷን አሳየችኝ። እንቁላሉን ለመሸጥ ነበር ያመጣችው።

በዚህች እናት ላይ «ግንዛቤ ይጎድላታል» ብሎ መናገር በደል ነው። እንቁላሉ ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ የትልቁ ልጅ ደብተር ነው። ሰብሳቢ ነጋዴው ከቅርጫቷ አንስቶ ለደሴ ይጭነዋል፤ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኛ ከተማ ውስጥ «የሐበሻ እንቁላል» እያልን ጨምረን የምንገዛው ከእንዲህ ዓይነቱ ቅርጫት የወጣውን ነው። መንገድ በተሻሻለ ቁጥር እንቁላሉ ዋጋ ያወጣል። ያ ገንዘብ ለቤቱ በረከት ነው፤ ለሕፃኑ ግን በብስኩት ተመንዝሮ ሊመለስ ይችላል። አንድ እሽግ ብስኩት ለአንድ እናት ቀላል ነው፤ አይበስልም፣ እንጨት አይፈልግም፣ ልጁ አያለቅስም።

ይህን ስል መንገድ አይሠራ ማለቴ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር አገሪቱ የነበራት መንገድ ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር በጥቂቱ ይበልጥ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100 ሺህ አልፏል። ከዚህ ብዙው በ2003 ዓ.ም. በተጀመረውና ቀበሌን ሁሉ ከዋና መንገድ ለማገናኘት በታሰበው ዩራፕ በተባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም የተሠራ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሴፍቲኔት የታቀፉ ገበሬዎች በየቀበሌያቸው በዶማና በአካፋ ያወጡት መንገድ አለ። በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች ለአሥር ዓመት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚለው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኘ መንደር ድህነቱ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ቀንሷል። ቀላል ነገር አይደለም። አቤቱታዬ ሌላ ነው። መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ ይባላል፤ በላዩ ምን አለፈ፣ በሳምንት ስንት ቀን መኪና መጣ፣ ታሪፉ የአንድ ቅርጫት ጎመን ዋጋ ስንት እጅ ነው የሚል ሪፖርት አይቼ አላውቅም። ጥርጊያ መንገድ ተሠርቶለት በላዩ የሚሄደው ያው የቀድሞው አህያ የሆነ ቀበሌ ብዙ ነው።

የእግረኛውንም ነገር እናንሳ። ከእኛ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሞጣና በደቡብ ጎንደር መካከል፣ አባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆርጦ ስለነበር ሰው ለስልሳ ዓመት ገደማ በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ ባሉ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር፤ ገበያተኛውም ታማሚውም። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅት ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ጠገነው። መኪና አይሄድበትም ነበር። የሚሻገሩበት እግረኛና አህያ ነበሩ፤ ግን ገበያ ያደርስ ነበር። በቦረናም ክረምት ሲገባ አንዲት ወንዝ ሞልታ መንደርን ከገበያ ለሦስት ወር ትለያለች። በየቦታው እንዲህ ያለ አንድ የእግር ድልድይ ቢኖር ለሕፃናቱ ከብዙ ፖስተር ይልቅ ይበጅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ባጃጁና ለስላሳው

አሁን ወደ ከተማው ልጅ እንመለስ። መካነ ሰላም ውስጥ ባጃጅ አለ። ከመናኸሪያ እስከ ትምህርት ቤት ሃያ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ አቅም ያለው ቤተሰብ ልጁን በባጃጅ ይልካል። በጎ ሐሳብ ነው፤ ጭቃ አለ፣ መኪና አለ፣ የእግረኛ መንገድ ደግሞ የለም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሸጠው ቺፕስ፣ ከረሜላና በላስቲክ የታሸገ ባለ ቀለም ጣፋጭ መጠጥ ነው። ከሦስት ሰዓት መንገድ በእግሩ የመጣው የገጠር ልጅና በባጃጅ የመጣው የከተማ ልጅ በአንድ ሱቅ ፊት ይሰለፋሉ። አንደኛው የጎደለውን አላገኘም፤ ሁለተኛው የማያስፈልገውን ጨመረ። በልጅነቱ የቀነጨረ ሰው ኋላ ላይ ስኳርና ቅባት ሲበዛበት ለውፍረት፣ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት የተጋለጠ እንደሚሆን ሐኪሞች ይናገራሉ። ያ የአቀስታው ባለ ዘጠኝ ዓመት ነገ ከተማ ገብቶ ቢሮ ቢቀመጥ አደጋው እሱን ይበልጥ ያሰጋዋል ማለት ነው።

በአዲስ አበባማ ነገሩ ገና ድሮ ጀምሯል። የተለያዩ ጥናቶች በግል ትምህርት ቤት የሚማሩና አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ ውፍረት ከፍ ብሎ እንደሚታይ አሳይተዋል። ሰርቪስ ከበር ያነሳቸዋል፣ በር ላይ ያወርዳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን 60 ደቂቃ ያህል ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል፤ ከቤት ወጥቶ የሚራመድበት ቦታ የሌለው ልጅ ይህን ከየት ያምጣ? በ2011 ዓ.ም. ዶክተር አሚር አማን የጤና ጥበቃ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» አንዳንድ ጎዳናዎችን በወር አንድ እሑድ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለልጆች ከፍቷቸው ነበር። በዚያን ቀን አስፋልት ላይ ኳስ ሲያንከባልል ያየሁት ሕፃን ፊት አይረሳኝም። በሌሎቹ ቀናት ግን ያው አስፋልት የሌላ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከከተማ ወደ ገጠር የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። መካነ ሰላም መናኸሪያ ከአውቶቡስ የወረዱት ሁሉ ለእናት ቡናና ስኳር፣ ለልጆች ብስኩትና ከረሜላ ይዘው ነበር። በየአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ላይ ሕፃናቱን «ለማስደሰት» የምናድለውም ከዚህ አይለይም። ፍቅራችን የሚጫነው በማይበሰብስ ዕቃ ነው፤ መንገዱ ያንን ስለሚፈቅድ። ከአጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አባት ግን ከደሴ አሥር ሎሚና ሁለት ኪሎ ብርቱካን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ መንገዱን ሁሉ እንደ ሕፃን አቅፈው መጡ። «ለልጅ ልጆቼ ነው፤ ጣራ ላይ አይወጣም» አሉ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ መንገዶችን በተለያየ ጊዜ ዘግቷል። ከዚያ በፊትም በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ በተያዘች ጊዜ ከእሷ በስተምዕራብ ያለው ደጋ ሁሉ ከዋና ገበያው ተቆርጦ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ስኳሩ ይወደዳል፤ ሆኖም መጋዘን ያለው ነጋዴ አስቀምጦ ይሸጠዋል። ቲማቲሙና ብርቱካኑ ግን በዚያው ቀን ይጠፋሉ። የእንቁላሏም ሴት ገዢ ታጣለች። የዚያን ወራት ሕፃን ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜው ላይ ከሆነ፣ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ ከቁመቱ ጊዜ ያልፍበታል።

ጨውን መሰል ሌላ ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ ነበር ገበያውን የዞርኩት፤ ማለትም የማይበሰብስ፣ ቀላል፣ በአህያም በሰው ጀርባም የሚደርስ፣ ለልጅ ግን የሚበጅ። ከጨው መደዳው ማዶ አንድ ሽማግሌ በትንንሽ ጣሳ የጎመን፣ የካሮት፣ የቀይ ሥርና የሽንኩርት ዘር ይሸጣሉ። በስኒ ነው የሚሰፍሩት። ደጋው ለካሮትና ለቀይ ሥር ይስማማል፤ የሚያስቸግረው ውርጩና የበጋው ውኃ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ የሚያጠጡ ግን በበጋም ያበቅላሉ ብለው አጫወቱኝ። ከሰኔ በፊት ዘሩ እንደሚያልቅባቸው፣ ከደሴ የሚያመጣላቸው ሾፌርም አንዳንዴ እንደሚረሳው ነገሩኝ። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት እንቁላሏን ሸጣ ስትመለስ ጨውና ሳሙና ገዝታለች። ከሽማግሌው ዘንድ ቆም ብላ ዋጋ ተከራከረች። አንድ ስኒ የካሮት ዘር አስሰፍራ በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችና፣ ልጇን አስተካክላ አዝላ፣ የሦስት ሰዓት መንገዷን ጀመረች።